ኤሌክትሪክ የሚይዘው ሸክላ

ጉለሌ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ዘነበች ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። እንባሽ ወረቀቱን ያበላሸዋል ብያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች ቤታችንን ፈተሹ። ከልጄ ከግርማ አልጋ ስር ነጭ ዱቄት የሞላ ጣሳና የኮት ቁልፍ የሚያካክሉ የተተኮሱ ሸክላዎች አወጡ። ግርማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ሬዲዮ ውስጥ ለሚገባ ዕቃ የሚሆን ሸክላ ነው ከዱቄቱ እየሠራ የሚሞክረው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አለቃቸው።

ግርማ "የማስተማሪያ ዕቃ ነው" ብቻ አለ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጡብ ስተኩስ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ እንደ ሌባ ቆሞ ሲጠየቅ ዝም ልል ነው?

"እናንተ ምን ታውቃላችሁ!" አልኩ። "ይሄ ሸክላ ኤሌክትሪክ አምቆ ይይዛል። ከሌላ ማዕድን ቆንጠር ተደርጎ ሲጨመርበት ደግሞ ከበፊቱ አብልጦ ይይዛል። የሚጨመረው ከመጠን ካለፈ ግን የያዘውን ሁሉ ያፈሳል።" ልጄ ያስረዳኝን አንድም ሳላጎድል ተናገርኩ።

አለቃው ሳቀ። "አምቆ ይዞ ሲለቀውስ አባባ? ፈንጂ ነዋ!"

ግርማን ይዘውት ሄዱ። ከበር ሲወጣ ዞር ብሎ "አባባ፣ በቃ፤ ከዚህ በላይ ምንም አይናገሩ" አለኝ።

የተናገርኩት እውነት ነው። ነገ ቀበሌ ሄጄ እደግመዋለሁ። ዘነበች ይህን ስትሰማ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር፤ ያዥው ብያት ነው የያዘችው።

በይ አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ከቃሌ የትኛው እንደበዛ ልስማው።