የሚጮህ መጥበሻ

ውድ ድርቤ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሰው ለምኜ፣ ሻይ ገዝቼ ያስጻፍኩት አይደለም። ሜቲ ረዳቻት ትይ ይሆናል፤ ልጅሽ ምስክር ትሁን፣ አንድ ፊደል አልነካችም። በማታ ትምህርቱ ከጎልማሶቹ ሁሉ ቀድማ ማንበብ የጀመረችው ማን ናት ብለሽ ብትጠይቂ መልሱን ታውቂዋለሽ። የምንማርበት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰሌዳ አለ። በአንዱ ላይ የኦሮምኛው ቁቤ፣ በአንዱ ላይ ፊደል ይጻፋል። እኔ ከፊደሎቹ ጋር ተቀምጬ በአንድ ዓይኔ የቁቤውንም እሰርቅ ነበር። መምህርታችን ፀጋ፣ «እማማ ዘርፈሽ፣ ዓይንሽ ይንሸዋረራል» ትለኛለች። «ይንሸዋረር፣ ለማን ላምርበት ነው?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ወደቀ።

ሜቲ፣ ለእናትሽ በኦሮምኛ ስታነቢላት ቀልዴን እንዳታበላሺብኝ። የሚያስቀው ቦታ ላይ ስትደርሺ ቆም በይ፣ ትሳቅ።

እህቴ፣ ደህና ነሽ ወይ? ዓይንሽስ? እኔ ደህና ነኝ። አልጋ ቤት አንሶላ አጥባለሁ። የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ደጁ ላይ ብዙ ተከራይ፣ ውስጡ እኔ ብቻ። ሁሉን አስቃለሁ። በሬን ስዘጋ የሚስቅልኝ የለም።

አሁን ስለዚያች ቅዳሜ ልንገርሽ።

እዚሁ ከተማ ያለችው ሜቲ «እማዬ ለዓይኗ ከኑኑ ቁምባ ነቀምቴ ልትመጣ ነው፣ ቅዳሜ ቁርስ አንቺ ዘንድ ነን» ያለችኝ ዕለት አንሶላውን ሳልጨምቅ አሰጣሁት። አሠሪዬ ውሃው ሲንጠባጠብ አይታ፣ «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» ብትለኝ፣ «እህቴ ልትመጣ ነው» አልኳት። «እህት አለሽ እንዴ?» አለች። አለኝ አልኩ። ለግቢው ሰው ሁሉ ነገርኩ። ሳይጠይቁኝም ነገርኩ።

ለእኔና ለአንቺ ቁርስ ማለት እንቁላል ነው። መጥበሻሽ እኔ ዘንድ እንዳለ ታውቂያለሽ። ኪራሙ አጥር ለአጥር ሳለን ያን ሰሞን የተዋስኩሽ፣ ጥቁሩ፣ ከባዱ ብረት። በማግስቱ ጠዋት ልመልስልሽ ነበር፤ ዶሮዎቼ እንቁላል ነሱኝ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? የእኔም እናት እንዲያ አላሳደገችኝ፣ ያንቺም አላሳደገችሽ። አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ሳላደርግበት አልመልስም ብዬ አሳደርኩት። ሲነጋ የሰማነው ዶሮ ሳይሆን ተኩስ ሆነ። አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ በወንዙ በኩል፣ እኔ በጫካው በኩል። ደህና ሁኚ እንኳ አልተባባልንም። ሰው ልጁን ሲያዝል፣ ሰው እህሉን ሲሸከም እኔ መጥበሻሽን በነጠላዬ አዝዬ እሮጣለሁ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀርባዬን እያዩ፣ «ልጅሽ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አያለቅስም!» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ብረት የሆነ ልጅ ነው» አልኳቸው።

ሜቲ፣ እዚህ ጋ ቆም በይ።

ይኸው እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን አልጠበስኩበትም፤ የሰው ዕቃ ነው። እንቁላል ሲያምረኝ በሻይ ማፍያ እቀቅላለሁ። አንቺን ደግሞ በገዛ መጥበሻሽ መጋበዝ ለእኔ፣ ለዘርፈሽ፣ ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ አዲስ ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጠው ጉሉማ የሚባል ሰውዬ ነው፤ ምላሱ ከእኔ ምላስ ብዙም አያንስም። «አከም ጅርታ፣ ሃዳ ኮ! እናቴ፣ ምን ልስጥሽ?» አለኝ።

«መጥበሻ። የሚጮህ።»

«የሚምን?»

ከመደርደሪያው አንድ የብረት ማንኪያ አንስቼ እየዞርኩ መምታት ጀመርኩ። ስስ የሆነው አልሙኒየም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተንኳኳብኝ። ወፍራሙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆነ። የሸክላው ድምፁም መልኩም አማረኝ፤ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ላይ ይሰነጠቃል። ጥቁር ቅብ ያለውን፣ የማያጣብቀውን፣ ገና አንዴ ሳሳርፍበት ጉሉማ ዘሎ እጄን ያዘኝ።

«ተይ እንጂ! ይኼ ብረት አይነካውም፣ ቅቡ ይላጣል!»

«መጥበሻ ነው ሙሽራ?»

«ከበሮ ፈልገሽ ከሆነማ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ!»

«የትኛው? የእኔው ከበሮ አለው፤ የእህቴው ኪቦርድ ነው።»

እዚያ የቆሙት ገበያተኞች ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የዛሬ ሰው የሚፈልገው ይህን የማያጣብቀውን ነው፣ እንቁላሉ ያለ ዘይት ይንሸራተታል፣ ማገላበጫው ግን የግድ እንጨት መሆን አለበት። የእንቁላል መምቻም አወጣልኝ፤ የሽቦ ጎጆ የመሰለ ነገር። ሹካና ይህ ክንዴ እያሉ ምን ያደርግልኛል ብዬ መለስኩለት። የእንጨቱን ማገላበጫ ግን ለስላሳ ስለሆነ ወደድኩት።

«ትንሹን ነው ትልቁን? ስንት ሰው ናችሁ?» አለኝ። መልኬን አይቶ ነው መሰለኝ ትንሹን፣ የአንድ ሰውን፣ አቀበለኝ። እጄ አልዘረጋ አለኝ። «የሁለት» አልኩት። ድርቤ፣ ይህን ቃል ካወጣሁ ስንት ዘመኔ! ደግሜም አልኩት፤ «የሁለት ሰው ስጠኝ።»

ለምን የሚጮህ መጥበሻ እንደፈለግሁ ጉሉማ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ኪራሙ ጠዋት ጠዋት እንቁላሉ ሲደርስ አጥሩ ሥር መጥተሽ መጥበሻውን በማንኪያ ትመቺው ነበር። ጓ! ጓ! «ኮቱ ኛዹ!» ነይ ብይ። ላሞቹ እንኳ ቀና ይሉ ነበር። በእንጀራ ጫፍ ከዚያው ከመጥበሻው ላይ እንበላለን፤ ከሥሩ ተጣብቆ ለሚቀረው ለፍቅፋቂው እንጣላለን። ረቡዕና አርብ እኔ ስጾም ደግሞ ሆነ ብለሽ አብልጠሽ ትመቺው ነበር። «አንቺ ጴንጤ፣ እግዜር ይይልሽ!» ብዬ ካጥሩ ማዶ ስጮህ ሳቅሽ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ቃሪያውን ሰንጥቄ፣ እንቁላሉን በሳህን ደርድሬ ተቀመጥኩ። በሩን ከፈትኩት። ፀሐይ ገባች፣ አልጋዬ ጋ ደረሰች፣ ተመልሳ ወጣች። ጎረቤቶቼ እየወጡ እየገቡ፣ «እህትሽ መጣች?» ይሉኛል። «መኪናው ዘግይቶ ነው» እላለሁ። በኋላ መጠየቁን ተዉት። ከጥያቄው ይልቅ መተዋቸው ባሰብኝ።

ሜቲ ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ እንቁላሉን ሰብሬ ጠበስኩት። አቤት አዲሱ መጥበሻ! እንቁላሉ ላዩ ላይ ተንሸራተተ፤ ገለበጥኩት፣ ሳህን ላይ ወረደ፤ መጥበሻው ምንም እንዳልዋለበት ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ፍቅፋቂ የለው፣ የምንጣላበት የለው። እንቁላልና መጥበሻ ሳይተዋወቁ ተለያዩ። ግማሹን ለአንቺ ከደንኩት፣ ግማሹን በላሁ። ጨው ረስቻለሁ። ጨው ረሳሽ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ሳልጨምርበት ጨረስኩት።

ድርቤ፣ እዚህ ብዙ ሰው ይመክረኛል። «እነሱ ወደ እነሱ፣ እናንተ ወደ እናንተ ሆኗል፤ ተያት» ይሉኛል። ሁልጊዜ እስቅባቸው ነበር። «የእኔዋን አታውቋትም» እላቸው ነበር። ያን ቀን፣ የተከደነውን ሳህን እያየሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኳቸው። ያንቺን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩና ጀርባሽ ብቻ መጣልኝ፤ ወደ ወንዙ ስትሮጪ ያየሁት ጀርባሽ።

ከሰዓት በኋላ ሜቲ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«እናትሽስ?»

«ሄደች፣ አዳዳ» አለችኝ፤ አክስቷ መሆኔ ነው። «ወደ ኑኑ ቁምባ የሚመልሳት መኪና እንዳያመልጣት።»

«ዓይኗስ?»

«ታየላት። ጠብታ ሰጧት።»

«ቤቴ ጠፋት? መንገዱን አላሳየሻትም?»

ልጅሽ መዋሸት አትችልም፤ እንዳንቺው ናት፣ ስትዋሽ ጆሮዋን ታሻለች። ጆሮዋን አሸች፣ ከዚያ ተወችው።

«እስከ ግቢው በር ድረስ መጥታ ነበር። በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሳችና አየችው። ‹ሀርካ ዱዋ› አለች። ዶሮ የለኝ፣ ቅቤ የለኝ፣ ባዶ እጄን የዘርፈሽን ቤት እንዴት እረግጣለሁ አለች። ለመንኳት፣ አዳዳ። አለቀስኩባትም። ተመለሰች።»

ሳቅሁ። ሜቲ ትንገርሽ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ልጅቷን ማስደንገጥ አልፈለግሁም። ስትሄድ ወደ ግቢው በር ወጣሁ። የቆርቆሮ በር ነው። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ይኼ ይሆናል፣ ያ ይሆናል እያልኩ ቆምኩ። በጠዋት እዚያ በር ማዶ ነበርሽ፤ እኔ በር ማዶ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የሽንኩርቱ ሽታ ደርሶሽ ይሆን?

እንግዲህ አስቢው። እኔ ባዶውን አልመልስም ብዬ መጥበሻሽን አሳደርኩ፤ ሳንሰነባበት ተለያየን። አንቺ ባዶ እጄን አልገባም ብለሽ ከደጄ ተመለስሽ። ሁለታችንም የጨዋ ልጆች ነን፣ አይካድም። ግን ጨዋነታችን ቁርስ አላበላንም።

ስለዚህ ሜቲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥበሻሽን ይዛልሽ መጥታለች። ገልብጪው፣ ፈትሺው። ባዶ ነው። አንድ እንቁላል፣ አንድ ቅንጣት ጨው እንኳ አላደረግሁበትም። እናቴ ከመቃብር ቀና ብላ ትርገመኝ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን መለስኩ! ነውሩን እኔ ቀድሜ ሠራሁልሽ። ከእንግዲህ አንቺ የምታፍሪበት ምክንያት የለም፤ ካፈርሽም የእኔን ያህል አታፍሪም፤ በእሱም ቢሆን አልበለጥም።

አሁን ደግሞ እጅሽ ባዶ አይደለም። የምትይዢው ዕቃ አለሽ። ሌላ ሰበብ ፈልጊ።

አዲሱን የማያጣብቅ መጥበሻ ለሜቲ ሰጠኋት፤ እሷ ልጅ ናት፣ የሚንሸራተት ነገር ይሆናታል። የእንጨቱን ማገላበጫ አስቀርቼዋለሁ። ግድግዳዬ ላይ መጥበሻሽ የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ነጥቶ ይታያል። እስክትመጪ ድረስ እንቁላሌ ከሻይ ማፍያ አይወጣም። ይኼን በደል እያሰብሽ ቶሎ ነይ።

ስትመጪ የግቢውን በር አታንኳኪ። ሁሉም ሰው ያንኳኳዋል፣ እኔም ለማንም አልነሳም። በሩ ላይ ቆመሽ መጥበሻውን በማንኪያ ምቺው፣ እንደ ድሮው፣ ግቢው ሁሉ ይደንግጥ። እሰማሻለሁ። አንሶላ እየጨመቅሁም ቢሆን እሰማሻለሁ። ማክሰኞ ነይ፣ እሑድ ነይ፣ የፈለግሽ ቀን ነይ። አርብ ከሆነ ደግሞ አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ እያየሁሽ እሰድብሻለሁ።

ከአጥርሽ ማዶ፣
ዘርፈሽ
(በገዛ እጄ)