ሟች የሸጠው የስፌት መኪና

ለተከበሩ የአሮጌ ዕቃ ንግድ ተቆጣጣሪ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሚቀመጡበት ወንበር ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔ የልብስ ሰፊው የወንዳወቅ ሚስት ለተጊዮርጊስ፣ የባሌን አርባ ካወጣሁ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ መውረድ ስለጀመረ፣ ስለ እኔ ሐሳብ አይግባዎ። በአደባባይ የምጽፍልዎት አምስት ቀን ደጅዎ ተገትሬ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው እንጂ፣ ክብርዎን ለመንካት አይደለም።

አንደኛ፤ የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሸጥ፣ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሁሉ የሻጩን መታወቂያ አይቶ፣ መዝገብ ላይም አሻራውን ተቀብሎ ይግዛ ብለው ላወጡት መመሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባሌ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከጋዝጊብላ ገበያ ሲመለስ መንገድ የጠበቁት ሦስት ሰዎችም ሳያነቡት አልቀሩም። ጭንቅላቱን በመጥረቢያ ፈልጠው፣ መኪናውን አልለቅም ብሎ ቢያቅፈው እጁን ከትፈው ካስለቀቁት በኋላ፣ በደም የራሰ ኪሱን በርብረው መታወቂያውን ወስደዋል። ሕግ አክባሪ ነፍሰ ገዳይ ስላፈሩልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ በሳምንቱ መኪናውን አሮጌ ዕቃ ተራ አገኘሁት፤ እኔው በጠፍር የጠገንኩት ፔዳል ሳይቀር እንዳለ ነው። እሪ ብል ነጋዴው ረጋ ብሎ መዝገቡን ገለጠልኝ። ሻጩ ወንዳወቅ ራሱ ነው፣ የሸጠውም በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ወይ ጉድ! ሰውዬው አፈሩን አራግፎ፣ የተፈለጠ ጭንቅላቱን ይዞ ገበያ ወጥቷል ማለት ነው።

የእርስዎ ባለሙያዎችማ ይባረኩ፣ አሻራውን ቀበሌ ካለው ጋር አስተያይተው በእርግጥ የወንዳወቅ መሆኑን አረጋገጡና፣ ግብይቱ ሕጋዊ ነው ብለው በማኅተም ጻፉልኝ። ሰውየው እኮ ሞቷል ብላቸው፣ ሞት የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው አሉኝ።

ሦስተኛ፤ መልሰው የሚባለው ልጄ ያንን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ክላሹን አውርዶ ይወለውል ጀመር። እኔ በሩ ላይ ተጋድሜ ይዤዋለሁ፣ ግን እስከ መቼ? አልዋሽዎትም፣ እኔም ብሆን የነጋዴውን አንጀት በባሌ መቀስ ባወጣው ደስ ይለኛል። ነጋዴውን ይያዙልኝና ማን እንደሸጠለት ይናገር፤ ባሌን በቀበርኩ በሁለት ወሩ ልጄን አልቅበር።

የገበያውን መንገድ በእግር ከመሄድ ይሰውርዎ፣ ስብሰባዎን ያብዛልዎ እያልኩ እጅ የምነሳ፣

የሕጋዊው ሻጭ ሚስት
ለተጊዮርጊስ

ሳልረሳው፦ ባሌን የቀበርነው ያለ ቀኝ አውራ ጣቱ ነው። ወድቆ ከተገኘበት ቦታ ስንፈልገው ውለን ስናጣ፣ አውሬ በልቶት ይሆናል ብለን ተመለስን። መዝገባችሁ ከተጠቀመበት፣ ነጋዴው ይመልስልኝና አጠገቡ ልቅበረው።