ለነጅዋ ገጽ የሚሆን ወረቀት

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ እህቴ ነጅዋ። የናፍቆት ሰላምታዬ ባለሽበት ሁሉ፣ በቤትም ሆነ በሥራ፣ በጤናም ሆነ በሕመም ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ዓይንሽ ከዚያ ከጽዳት ኬሚካል ማቃጠል ዐረፈ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? የምትበይው ይስማማሻል? ሲከፋሽ የምታዋይሽ ያገር ልጅ አጠገብሽ አለች?

እነዚህን የጠየቅሁሽ ወጉ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱን ለየብቻው እንድትመልሺልኝ እፈልጋለሁ። ዐመሌን ታውቂያለሽ፤ ተማሪ እንኳ የተድፈነፈነ መልስ ሲሰጠኝ አላሳልፈውም። እኛ አልሃምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን። ዘንድሮ ጨፋ ላይ ማሽላው አምሮ ነበር፤ አሁን እየታጨደ ነው። እናታችን ኡሚ ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ትቆጣለች። የዓይኗ ሞራ ግን ስለበሰለ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይታያትም፤ ሰውን የምታውቀው በእርምጃው ነው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሶፍያ ናት። ባሏ ዘንድ ወደ ሪያድ ስለምትመጣ አደራ ብያታለሁ። በስልክ ያልጻፍሁልሽ ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ነገሩ የጀመረው ከፎቶ ነው። ሥዕል በተሰቀለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብላ ኡሚ የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ፊቱን ደፍታ በዚያ በብስኩት ቆርቆሮ እንደምታስቀምጥ ታውቂያለሽ። በዚህ ክረምት ቆርቆሮውን ብከፍተው እርጥበት ገብቶ ብል ተራብቶበታል። የአባዬን ፎቶ አነሣሁት። ፊቱ ተበልቶ አንድ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ያቺ አንድ ዓይን ደግሞ በሕይወቱ ሳለ አይቶኝ በማያውቅ አኳኋን ነው የምታየኝ። ብል ስለማይመርጥ ነው ብዬ ራሴን ገሠጽሁ።

ልጄ ፊርደውስ አልበም እንሥራ አለች። ሱቅ እንደሚሸጠው ላስቲክ ያለበት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ፎቶ በሚስማማው ባለቀለም ወረቀት ላይ ተደርጎ፣ ዳሩ ተከርክሞ፣ ከጎኑ ስሙና ቦታው የሚጻፍበት። በስልኳ ሲሠሩት አሳየችኝ። ሐሳቡን ወደድሁት፤ አሠራራቸው ግን አናደደኝ። ፎቶውን በኮላ ያጠምቁታል። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ርካሽ ኮላ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፎቶን እንዴት ቢጫ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ስለዚህ ፎቶው ራሱ ኮላ አይነካውም፣ ከወረቀት ትንንሽ ማዕዘን አጥፈን ጫፍ ጫፉን እናስገባለን አልኋት። ደግሞም ከፎቶው ሥር ቀጭን ወረቀት ይግባ፤ የእሱም ቀለም ከሰውየው ልብስ ጋር ይስማማ። ፊርደውስ፣ "አባ፣ አልበም ነው ወይስ ላቦራቶሪ?" አለችኝ።

ወረቀት ፍለጋ ከሚሴን ዞርኋት። ያለው ሁሉ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ሮዝ፣ ልብና ፊኛ የተሣለበት የስጦታ መጠቅለያ ነው። ለአባቴ ፎቶ እኮ ነው፣ አባቴ ሙት ነው ብለው፣ አንዱ ሻጭ፣ "ታዲያ መምህር፣ በሕይወት ሳሉ ያልደመቁትን አሁን ይድመቁ እንጂ" አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። በመጨረሻ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከደሴ ሁለት ዓይነት ደህና ወረቀት አመጣልኝ፤ ነጩ ወፍራምና ሻካራ፣ አረንጓዴው ልሙጥና አብረቅራቂ። ሌላም ቀለም ልጨምር ስል ኡሚ ከለከለችኝ። ሙትና ሕያው በአንድ ወረቀት አይቀመጡም አለች። ነጩ ለሄዱት፣ አረንጓዴው ላሉት። በእጇ ዳስሳ ስለምትለያቸው ምድቡን ራሷ ልትሠራ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ፎቶውን እያነሣሁ ስሙን እጠራለሁ፣ እሷ ታስቀምጣለች።

እዚህ ላይ ይቅር በይኝ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ግን ሳልነግርሽ የሚቀጥለውን ልትረጂው አትችይም። የአጎታችን የረጀብ ተራ ሲደርስ ኡሚ ነጩ ላይ አኖረቻቸው። ተሳሳትሽ፣ በቀደም ዕለት ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ ሲገዙ አግኝቻቸዋለሁ አልኋት። "ዲሲ" አለችኝ በኦሮምኛ። ተወው ማለቷ ነው። "እዚያው ይቀመጥ።" ሳምንት ሳይሞላ ከብታቸውን ከቦርከና ውኃ አጠጥተው ሲመለሱ ወድቀው ወደ አኼራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውም ሲያማቸው ቆይቷል፤ ይህ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም ብዬ ለባለቤቴ ለረቢአ አስረዳኋት። ረቢአ አልተከራከረችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የራሷን ፎቶ ከቆርቆሮው አውጥታ የት እንዳደረገችው አላውቅም።

ከለቅሶው ስንመለስ ምድቡን ቀጠልን። ያንቺን ፎቶ ሰጠኋት፤ ባለፈው ዓረፋ የላክሽውን፣ በሰማያዊው ቀሚስ ያለሽበትን። ስምሽን ገና አልጠራሁም። ጣቷን በወረቀቱ ላይ አሳለፈችና ነጩ ላይ አስቀመጠችው።

"ኡሚ፣ ነጅዋ እኮ ናት" አልኋት።

"አውቃለሁ" አለችና ለሚቀጥለው ፎቶ እጇን ዘረጋች።

ተቆጣሁ። ከእናቴ ጋር ልነጋገርበት የማይገባኝን ቃል ተናገርሁ። ፎቶሽን አንሥቼ አረንጓዴው ላይ አደረግሁት። በማግሥቱ ስነሣ ነጩ ላይ ነው። ረቢአ አልነካሁም አለች፤ ፊርደውስም ወሏሂ ብላ ማለች። ኡሚን ጠየቅኋት። እንደ ተራ ነገር፣ "አረንጓዴው ላይ ትንሸራተታለች" አለችኝ።

ይህ ደግሞ ምክንያት አለው አልሁ። አረንጓዴው ልሙጥ ነው፣ ፎቶውም ልሙጥ ነው፤ ልሙጥ በልሙጥ ላይ ይንሸራተታል። እንግዲያው ሻካራ አረንጓዴ ከተገኘ ነገሩ ያበቃል ብዬ፣ በየዓረፋው የላክሻቸውን ሦስቱንም ፎቶ ይዤ ወጣሁ። በዚያውም ከቀሚስሽ ጋር የሚሄደውን ሰማያዊ ልመርጥ። ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኋቸውና ቀለሙን ላመሳክር ጎንበስ አልሁ።

ነጅዋ፣ ሦስቱም አንድ ፎቶ ናቸው። በአንዱ ባሕር ዳር ነሽ፣ በአንዱ ፏፏቴ ካለበት ትልቅ የገበያ ሕንፃ፣ በአንዱ ጽጌረዳ መካከል። ሻሽሽ ግን በሦስቱም በአንድ ቦታ ታጥፏል፤ ከጫፉ የተመዘዘችው ክር እንኳ አንዲቷው ናት። ብርሃኑ በሦስቱም ግራ ጉንጭሽ ላይ ነው፤ የጽጌረዳው ጥላ ደግሞ ፀሐይዋ በቀኝሽ እንደነበረች ይናገራል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት መሥመር ፊትሽ ላይ አልተጨመረችም። ቀኝ ትከሻሽ ላይ ደግሞ የሰው ጣቶች አሉ። ባለጣቶቹ ተቆርጣ ወጥታለች፣ ጣቶቿ ቀርተዋል። እስከዚያ ቀን የቀሚስሽ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር።

ፎቶ ቤት ወዳለው ወደ ሳዳም ወሰድኋቸውና በኮምፒውተሩ አስፍቶ አሳየኝ። እሱ ቀልድ አይለየውም፤ "እኔ ጋ ቢያሠሩት ጥላውን አስተካክልላት ነበር መምህር" አለኝ። ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። እናንተም እንዲህ ያለ ትሠራላችሁ ወይ አልሁት። እንሠራለን አለ፤ ዓረብ አገር ያለውን እዚህ ካሉት መሀል እናስገባለን፣ ተገናኝተው የማያውቁትን እናገናኛለን። ከዚያ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ "ብዙ ጊዜ ግን የሚያሠሩት ለሞተ ሰው ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ ሳላስተውል ያለፍሁት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። አንቺ መጻፍ ትጠያለሽ፤ ድምፅሽን ቀድተሽ እየሳቅሽ ነበር የምትልኪው። ሳቅሽን ከሰማን ስንት ጊዜው ነው? አሁን የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስንደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ወዲያው ደግሞ ጽሑፍ ይመጣል፤ "ወንድሜ ደህና ነኝ፣ አብሽሩ፣ ማዳም አለች።" አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ "ጋሽዬ" እንጂ "ወንድሜ" ብለሽኝ አታውቂም። ይህን የመሰለ ስሕተት በተማሪ ደብተር ላይ ከሩቅ የማይ ሰው፣ በገዛ እህቴ ላይ ሦስት ዓመት አለፈኝ።

እዚያው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ወደ ስልክሽ አንድ ነገር ጻፍሁ። "አባዬ አጥብቆ ይጠይቅሻል" አልሁ።

አባዬ የሞተ ጊዜ ለአንቺ ሳንነግርሽ፣ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል እያልን ብዙ እንዳቆየንሽና በኋላ እንዴት እንዳለቀስሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ አበድህ ወይ ትይኝ ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ። "ለአባዬም ሰላም በሉልኝ፤ በዓረፋ እመጣለሁ በሉት።"

ባጃጅ ሁሉ እየጮኸ ያልፈኛል፤ እኔ ስልኩን ይዤ እዚያው ቀረሁ። ብርድ ብርድ አለኝ። በከሚሴ ቀትር ላይ ብርድ ሲባል ሰው ይስቅብኛል።

ንዴቴ ሲመለስ ማሰብ ቻልሁ። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ክፉ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አብሽሩ ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀንም። ይህ የእኛው ሰው ሥራ ነው። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ በሌለበት አገር፣ ዓይኗ ለጠፋ አሮጊት መርዶ መንገር ያቃታት የአገራችን ልጅ ናት። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ግን ቆርጬ መናገሬ አይደለም። ስልክሽ ከእጅሽ ወጣ ማለት ሕይወትሽ ወጣ ማለት አይደለም። ታስረሽ ሊሆን ይችላል። ታመሽ ሊሆን ይችላል። ስልክ በማይያዝበት ቤት ተዘግቶብሽ ሊሆን ይችላል። ያልተረጋገጠ ነገር አልጽፍም፤ ወረቀትም ቢሆን ያለ ማረጋገጫ አልመርጥም። ስለዚህ ገጽሽ በአልበሙ መካከል ባዶውን ነው። ሻካራ አረንጓዴ አገኘሁ፤ ሰማያዊውም ተገኝቶ ተከርክሞ ተቀምጧል። አልለጠፍሁትም።

ስለ ሦስቱ ፎቶና ስለ ስልኩ ለኡሚ አልተናገርሁም። ለረቢአም፣ ለፊርደውስም አልተናገርሁም። ሳዳምንም አፉን እንዲይዝ አስምዬዋለሁ። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ማዕዘን ሳጥፍ ኡሚ አጠገቤ ተቀምጣ ተስቢሕ እየቆጠረች ነበር። ድንገት አቆመችና፣ "ሙሀዲን፣ ከእንግዲህ አትጻፍባት" አለችኝ። ለማን ነው የማልጽፈው አልኋት።

"ስልኩን ለያዘችው። አንተ በጻፍህ ቁጥር ታለቅሳለች።"

ማን ነገረሽ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ግን አልጠየቅኋት። መልሱን እንዳልፈለግሁት ብቻ ነው የማውቀው። ተስቢሑን ካቆመችበት ቀጠለች።

እንግዲህ ነጅዋ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ፎቶ አልፈልግም። ሌላ ፎቶ እንዳትልኪብኝ። በሶፍያ ስልክ ድምፅሽን ቅጂና ስደቢኝ። የፈለግሽውን ስድብ ስደቢኝ፤ በሕይወት ያለች እህቴን በሞት ስለጠረጠርሁ ይገባኛል። የዚያኑ ቀን አረንጓዴው ይለጠፋል፤ ኡሚም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳተች ብዬ ፊቷ ቆሜ እስቅባታለሁ።

ኡሚ ግንባርሽንና ሁለት ዓይኖችሽን ስማለች፤ ዱዓዋ አይለይሽ። ረቢአ በናፍቆት ሰላም ትልሻለች። ፊርደውስ አክስቴ የሣቀችበት ድሮ የተቀዳ ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ፣ አላጠፋሁትም በልልኝ ብላለች። የሶፍያ እናት ልጄን አደራ ትልሻለች። የአጎታችን የረጀብ ልጆች ለአባታቸው ዱዓ እንድታደርጊ ይለምኑሻል።

ሶፍያ አንቺን ካጣች ደብዳቤውን ስልክሽን ለያዘው ሰው እንድትሰጥ ነግሬያታለሁ። እንግዲህ ስምሽን ለማላውቀው ለአንቺም አሰላሙ ዓለይኪ። እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ተቆጥቼብሽ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ነገር ግን ብቻሽን ተሸክመሽው ቆይተሻል፤ አሁን አውርጂው። ታሪኩን እንድትጽፊልኝ አላስገድድሽም። ለሶፍያ አንድ ቃል ብቻ ንገሪያት፤ ትርጉሙን ስለማታውቅ አትደነግጥም፣ እንደ ሰማችው ታደርስልኛለች። ነጭ ወይም አረንጓዴ በያት። ይበቃኛል።

ወንድምሽ ሙሀዲን
ከሚሴ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.