የተሰነጠቀው ጉንጭ

ቴፒ፣ ጥር 1993 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለንጋቷ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከናፍቆትሽ በቀር እኛ ደህና ነን። ቡናው ተለቅሞ አልቋል፤ ሙቀቱ ግን አያስቀምጥም። አብረውሽ የዘመቱት የሸኮ ልጆች ተመልሰዋል። ስላንቺ ስጠይቃቸው ሻይ ጋብዘውኝ ስለ ኳስ ያወራሉ።

በዩኒፎርም የተነሳሽውን ፎቶ እያየሁ፣ ከአንገትሽ በላይ ያለውን ምስል በጭቃ እየሠራሁ ነው። እሁድ እሁድ አብረውኝ ጭቃ የሚያቦኩት ጓደኞቼ መተቸት አይሰለቻቸውም። ታፈሰ አፍንጫሽ ረዝሟል ይላል። ቲጂ ደግሞ «ወታደር ናት እኮ፣ ለምን ታስቃታለህ?» ትላለች። ስትስቂ አንዳቸውም አያውቁሽም!

ባለፈው እሁድ ስንበተን ቲጂ ጭቃው እንዳይደርቅ ብላ ነጭ ነጠላዋን አርጥባ ፊትሽን ሸፈነችው። ጭቃ ተሸፍኖ እንደሚያድር አጥቼው አይደለም፤ ግን ነጠላውን መንጭቄ ወረወርኩት። «ፊቷን ሸፍኚ ማን አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

በማግስቱ ስመጣ ጉንጭሽ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። ታፈሰ «ስንጥቁን ደፍነን እንደ ሸክላ እናቃጥለውና እንገላገል» አለ። ከማን ነው የምንገላገለው? ስትመጪ ፊት ለፊቴ ትቀመጫለሽ፣ እያየሁሽ እጠግነዋለሁ።

እማዬ ሳምልኝ ብላለች። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን። እስከዚያ ጠዋት ማታ ውሃ እረጭልሻለሁ፤ ፊትሽን ግን አልሸፍንም።

ወንድምሽ በዛብህ