የሳሙኤል ነጥብ

ኅዳር ፲፬፣ ከቀትር በኋላ

አሥራ ሁለተኛው አዲስ ተጫዋች። ፍጥነት ሰባ፣ ጽናት ሠላሳ። በዋዜማው የሚያበራ፣ ማኅሌቱ እኩሌታ ሲደርስ የሚያንቀላፋ ዓይነት ተማሪ። ስድሳ ሁለት ሰጠሁት።

ደብተር ሆይ፣ ትስቅብኝ ይሆናል። የድጓ መምህር ከመናኸሪያው አጠገብ በልጁ ጌም ቤት ተቀምጦ፣ ከእናት ያልተወለዱ ኳስ ተጫዋቾችን ይመዝናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ጎልማሶች በኮምፒውተር የኳስ ሊግ ያካሂዳሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቡድን አለው። ውድድሩ ባለቀ ቁጥር ማሽኑ አዳዲስ ተጫዋቾች ይፈጥራል፤ በመጨረሻ ደረጃ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል። የተጫዋቾቹን ዝርዝር ቁጥር ከምርጫው በፊት የማየው እኔ ብቻ ነኝ። አይቼ ለእያንዳንዱ ከመቶ አንድ ነጥብ እሰጣለሁ፤ እነሱም በዚያ ይመርጣሉ። ልጄ ዮናስ ራሱ ተወዳዳሪ ስለ ሆነ እሱን አላመኑትም። እኔን አመኑ። ለልጁም ቢሆን አያዳላም አሉ።

አሥራ ሦስተኛውን ከፈትሁ። የግራ ተከላካይ። ፍጥነት አርባ አንድ። ጠቅላላው ከሃምሳ ሦስት አያልፍም። ስም፦ ሳሙኤል።

እያንዳንዱ ባለቡድን አንድ አዲስ ተጫዋች እንዲሰይም ይፈቀድለታል። ዮናስ የሟች ወንድሙን ስም ሰጥቶታል። አልነገረኝም።

ሳሙኤሌ። በግልገል በለስ መንገድ ታጣቂዎች መኪናውን ሲያስቆሙት ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሮጠው ጫካ ገቡ። እሱ ዘገየ። ሬሳውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። የት የት እንደ ተቆረጠ ጣቶቼ ያውቃሉ፤ አልጽፈውም።

ብዕር አነሣሁ። እጄ ሃምሳ ሦስት ብሎ መጻፍ እንቢ አለ። ሰማንያ አራት።

ኅዳር ፲፮

ምርጫው ተደረገ። የመጀመሪያው ዕድል የመንገሻ ነበር፤ የባጃጅ ነጂው፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠርሁት። ነጥቦቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ሳሙኤልን» አለ። ዮናስ ከወንበሩ ተነሣ። ለካ ማንም ሳይፈልገው መጨረሻ ላይ ሊወስደው አስቦ ኖሯል። እኔን አየኝ። እንዲህ ያለ ዐይን ከልጄ አላውቅም።

መንገሻ ዝርዝሩን ከፍቶ ቁጥሮቹን አነበበ። ከዚያ፣ «የኔታ፣ ይሄ ነው ሰማንያ አራት?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ አክብሮኝ ነው። ገና ወጣት ነው፣ ያድጋል አልሁት። ሁለተኛ ውሸት። በጾመ ነቢያት።

ከስድስቱ አንዱ ሐሩን ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ሞከረ። የበርታ ልጅ ነው፤ በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ይሠራል። «መንጌ፣ ባጃጅህም ሲገዛ ሻጩ አዲስ ነች ብሎህ ነበር፤ አሁን በየዳገቱ እኛ ነን የሚገፋው!» ሌሎቹ ሳቁ። መንገሻና ዮናስ አልሳቁም።

ኅዳር ፲፱

ሳሙኤል ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቷል። ማሽኑ በቀይ ያስጠነቅቃል፤ መንገሻ እያየ ያሰልፈዋል። በየጨዋታው። ነጥቡ ወደ አርባ ስምንት ወረደ። ዛሬ አርባ አራት።

ዮናስ ምርጥ አጥቂውን ሰጥቶ ሳሙኤልን ሊወስድ መንገሻን ለመነው። መልሱ፦ «አባትህ ሰማንያ አራት ያሉትን በርካሽ ልስጥህ?»

ከጥግ ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ። ከንፈሬ ይደግማል። ዐይኔ የመንገሻ ማጅራት ላይ ነው።

ኅዳር ፳፣ የጽዮን ዋዜማ

መታሁት።

ማሽኑ የሳሙኤል እግር መሰበሩን ጻፈ። መንገሻ ወደ ዮናስ ዞሮ ሳቀ። «አርባ አንድ ፍጥነት ይዞ በበለስ መንገድስ እንዴት ሊያመልጥ ኖሯል?» አለ።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። የመቋሚያዬ ራስ ግንባሩ ላይ አረፈ። አጥንት ሲጮኽ ሰማሁ። ደገምሁት፤ መቋሚያው ተሰበረ። በስባሪው ሠለስሁት። ደሙ በኮምፒውተሩ ፊደላት መካከል ፈሰሰ። ሐሩን ከኋላ አቅፎ ከመሬት አነሣኝ፤ «ኸላስ አባ! በቃ! ሰው ነው ይሄ!» ይላል። ዮናስ ከቦታው አልተነቃነቀም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እጁን ሰብስቦ የታገሠ እሱ ነበር።

ደብተር ሆይ፣ አንተን አልዋሽህም፤ ጣፈጠኝ። ሠላሳ ዓመት ለምስጋና የተደገፍሁት እንጨት ነው። ጣፈጠኝ።

ኅዳር ፳፩፣ ማታ

በዓል። ቅኔ ማኅሌት አልገባሁም፤ ከዐጸዱ ውጭ ቆሜ ከበሮውን ሰማሁ።

እኔ እዚያ ስቆም የመንገሻ ታላቅ ወንድም በላይ ገጀራ ይዞ ጌም ቤት ገባ። የፈለገው እኔን ነው። ያገኘው ዮናስን። ልጄ ራሱን ሊከላከል ቀኝ እጁን አነሣ። ሁለት ጣቶች። ሐሩን ከወንበር ሥር ለቅሞ በመሐረብ ይዟቸው ወደ ሆስፒታል ሮጠ። አልተቀጠሉም።

ኅዳር ፳፫

ዮናስ ከሆስፒታል ወጣ።  ከደጃፉ ተቀምጦ ገጀራ ይስላል፤ በግራ እጁ፣ ድንጋዩን በእግሩ ረግጦ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ተው ልጄ አልሁት። እንዲህ አለኝ፦ «አባዬ፣ ለሞተው ልጅህ ሦስት ጊዜ መታህ። እኔ የምመታው አንድ ጊዜ ነው።»



ከሰዓት በኋላ ሐሩን መጣ። መንገሻ ተሰፍቶ ተኝቷል፤ ይድናል። «ከቁስሉ ይልቅ ያቃጠለኝ የኔታ ማታለላቸው ነው» ይላል አሉ፤ አባትና ልጅ ተማክረው ያጭበረበሩት ይመስለዋል። በላይም ገጀራ ያነሣው ያንን ይዞ ነው። ሐሩን መሬት መሬት እያየ ጠየቀኝ፦ «አባ፣ ቁጥሩ ውሸት ነበረች? ወላሂ እኔ ለሁሉም ምያለሁ፤ አባ አይዋሽም ብያለሁ።»

ሻይ ቀዳሁለት። ገባው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ኅዳር ፳፬

ቆረጥሁ። ሐሩንን ፈልጌ ለዕርቅ ወደ በላይ ላክሁት፤ በላይም «ይሁን፣ ይምጡ» ብሏል። ነገ ከኪዳን በኋላ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጃፋቸው እቆማለሁ። በስድስቱ ፊት እናገራለሁ፦ ሳሙኤል ሃምሳ ሦስት ነበር። ዮናስ አያውቅም። የዋሸሁ እኔ፣ ደግሜ የዋሸሁ እኔ፣ የመታሁ እኔ። የሚቆረጥ ካለ የእኔ አንገት ይኸው።

ለዮናስ ነገርሁት። እስከ ቀትር ብቻ ታገሠኝ ብዬ ጉልበቱን ያዝሁ። አባት የልጁን ጉልበት። ጉልበቱን አላስለቀቀም፤ ገጀራውንም አላስቀመጠ።

ከማንጎው ሥር ድንጋይ መረጥሁ፤ የሚከብደውን። ሃምሳ ሦስት ማለትን ጮክ ብዬ ተለማመድሁ። ምላሴ ሰማንያ ይላል። መሸ፣ አሁንም ሰማንያ ይላል።

ኅዳር ፳፭፣ ንጋት

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ከኪዳን ስመለስ የዮናስ መኝታ ባዶ። ፋሻው መሬት ወድቋል። ከበር ኋላ ገጀራው የለም። ጎረቤቴ ደጇን ስትጠርግ አይታዋለች፤ ወደ እነ መንገሻ ሠፈር ነው የሄደው።

ድንጋዩን ተሸከምሁት። እስከ አጥሩ በር ሄድሁ። አወረድሁት። ያዘገየኛል።

እንግዲህ ባልመለስ በእጄ ጽሑፍ ይገኝ፦ ሳሙኤል፣ የግራ ተከላካይ፣ ሃምሳ ሦስት። ከዚህ በኋላ የፈሰሰው ሁሉ ከእኔ ብዕር የፈሰሰ ነው። ልጄን አትጠይቁት።

ጉልበቴ ከአርባ አንድ አያልፍም። እሮጣለሁ።