ጨክኚ ያልኩሽ ለት

አዲስ አበባ፣ ኅዳር ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ውድ አዴ ድንቄ፣

አከም ጂርታ? እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ሸዋነሽ መሆኗን አውቃለሁ። ስለዚህ ካንቺ በፊት ለእሷ ልናገር። ሸዋዬ፣ እዚህ ውስጥ ያንቺም ነገር አለና አፍረሽ መስመር ዘለሽ እንዳታልፊ። አማርኛው ሲከብዳት ለእናትሽ በኦሮምኛ አስረጃት፤ ስታለቅስ ደግሞ ዝም ብለሽ ጠብቂያት።

ድንቄ፣ አምቦ ሐኪም ቤት ሳለሁ ሁሉም ሲስተር ፀዳለ እያለ ይፈራኝ ነበር። መርፌ ስወጋ ፊቴ አይፈታም፤ በሽተኛ ሲያቅማማ እቆጣለሁ። አንቺም ሸዋነሽን በበቅሎ ጭነሽ ከሐሮ ወንጪ የመጣሽ ለት ያየሽው ይህንኑ ፊት ነው። የልጅቱ አጥንት ከጉልበቷ በታች መግል ቋጥሮ በስብሶ ነበር። ሐኪሙ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ፣ እግሯ ካልተቆረጠ ትሞታለች አለ። ይህን ላንቺ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ።

ባልሽ ፉፋ ሞቶ የቀረችሽ እሷ ብቻ መሆኗን አውቅ ነበር። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝና አፌ ላይ የመጣውን አልኩሽ። «ድንቄ፣ ጨክኚ።»

በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች እንዲህ ስንል ልብሽን አጠንክሪ፣ ፈርተሽ ወደ ኋላ አትበይ ማለታችን ነው። አንቺ ግን ከገበያ የለቀምሽው አማርኛ ያስተማረሽ «ጨካኝ» የሚለውን ብቻ ነበር። በልጅሽ ላይ አውሬ ሁኚ ያልኩሽ መሰለሽ። ከመቀመጫሽ ብድግ ብለሽ «ሲስተር፣ እኔ ጨካኝ ሚቲ። እኔ እናት ነኝ» አልሽኝ። ጨካኝ አይደለሁም ማለትሽ ነው። ላስረዳሽ ብሞክርም አልሰማሽኝም። ልጅሽን አቅፈሽ ወጣሽና በዚያ ዝናብ በቅሎዋን ወደ ወንጪ ዳገት መለስሻት። እኔም በመስኮት እያየሁ፣ ያቺ ልጅ አበቃላት ብዬ አዘንኩ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ለራሴ ደጋግሜ እተርከዋለሁ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ የቂርቆስ በዓል ነውና ልጅሽን ይዘሽ በግንድ ታንኳ የወንጪን ሐይቅ አቋርጠሽ ደሴቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያኑ ተሻገርሽ። ቂርቆስ እግሯን እንዲያድንልሽ ልትሳይ ነበር የሄድሽው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ታሪኩን ለሕዝቡ መናገር ጀመሩ። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው የናስ ጋን ፊት ቆመዋል። እናቲቱ የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ፈራች። ያን ጊዜ ሕፃኑ ቀና ብሎ አያትና «እናቴ፣ ጨክኚ» አላት።

ጆሮሽን አላመንሽም። ሐኪም ቤት ጥለሽው የመጣሽው ቃል ሐይቁን ተሻግሮ ቀድሞሽ ደርሶ ነበር፤ ያውም በሕፃን አፍ። ወደ ቄሱ ቀርበሽ «አባቴ፣ ልጅ ለእናቱ እንዴት እንዲህ ይላታል?» ብለሽ ጠየቅሽ። እሳቸውም «ልጄ፣ ጀባዹ ማለት እኮ ነው። በርቺ ነው ያላት» አሉሽ። ሸዋነሽ ጭንሽ ላይ ሆና ትሰማ ነበር።

ጭቃ በጭቃ ሆነሽ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳይሽ ደነገጥኩ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድሚ «ሲስተር፣ ጨክኜ መጣሁ» አልሽኝ።

ለአፍ ግን ዳገት የለውም። ልጅቱን ለማስገባት አልጋዋን ስንገፋ አንቺ በሩ ላይ ቁጭ አልሽ፤ እጅሽ ቀሚሷን ጨብጦ አልለቅ አለ። እኔም ያቺን ቃል ልድገማት ብዬ ፈራኋት። የተናገረችው ሸዋነሽ ናት። ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከትራሷ ቀና ብላ «ሃዸ ኮ፣ ጨክኚ» አለችሽ። እናቴ፣ ጨክኚ። ጣቶችሽ አንድ በአንድ ተፈቱ።

ብዙ ቀዶ ሕክምና ላይ ቆሜአለሁ፤ በዚያ ቀን ግን የቆምኩበት መሬት የተቀደሰ መስሎኝ ጫማዬን ማውለቅ አማረኝ። ስእለትሽ እንዳሰብሽው አልሆነም፤ እግሯ አልተረፈም። አንቺ ግን ልጅቱ ዓይኗን ስትገልጥ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክከሽ ታመሰግኚ ጀመር። እግሯን ላጣች ልጅ ደግሞ ምን ምስጋና አለ ልል ነበር፤ ሳላስበው እኔም ከጎንሽ ተንበረከክኩ። እግዚአብሔር እሳቱን ሳያጠፋ እሳቱ ውስጥ አብሮ እንደሚገባ ያወቅሁት ያን ለት ነው። ስምሽን ድንቄ ያለሽ ሰው አልተሳሳተም።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፍልሽ ተራው የእኔ ስለሆነ ነው። ጡቴ ላይ እባጭ ወጥቶ፣ እዚህ ያሉት ሐኪሞች መቆረጥ አለበት አሉኝ። ቀኑ ከነገ ወዲያ ነው። ስንቱን በሽተኛ ስቆጣ የኖርኩ ሴት ዛሬ የራሴን አልጋ ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል። ባለቤቴ ደግፌም አይዞሽ ይለኝና ዞር ብሎ ያለቅሳል። ጨክኚ የሚለኝ ሰው ግን አጣሁ። እኔም ከአንድ ሰው በቀር ከማንም አፍ ልሰማት አልፈልግም።

የባልሽ ወንድም ቦጂያ አምቦ ገበያ ወርዶ ደብዳቤውን ተቀብሎ እስኪያደርስሽ የእኔ ቀን ያልፋል። አውቃለሁ። ነገር ግን ጥለሽው የሄድሽው ቃል ቀድሞሽ ደርሶ ጠብቆሽ የለም? ለእኔም በሰዓቱ እንደሚደርስልኝ አምናለሁ።

ሸዋዬ፣ እስካሁን ጥሩ አንብበሻል። አሁን ምርኩዝሽን ይዘሽ ተነሺ፤ ወደ ደጅ ውጪና ፊትሽን ወደ ሐይቁ፣ ወደ ቂርቆስ መልሺ። ከስሜ በታች አንዲት ቃል ጽፌአለሁ። ይህቺ ለእናትሽ አይደለችም፤ የእኔ ናት። ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።

እህታችሁ ፀዳለ

ጨክኚ።