የመኪናሽ መስታወት ጌጥ አልገባ ብሎ

ዘይኔዋ፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ዘጠነኛ ወራችንን ይዘናል። እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቅሽን ልጃችን ፋጤ ይዛዋለች፤ መኪናሽንም የምትነዳው እሷ ናት። ስለ ቤቱ በሰፊው ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣው።

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ጨርቅ ጭነን ስንነሳ፣ ከፊታችን ካለ የጭነት መኪና የተፈናጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሰነጠቀው። ተመልሰን ጋራዥ ገባን። ደምሴ የሚባል ባለሙያ መስታወት ፈልጎ አግኝቶ ዙሪያውን በሚይዘው በድሮው ጎማ ገጠመው። ተገላገልን ስል፣ ለካ ጣጣው ገና ኖሯል! በመስታወቱ ዙሪያ ጎማው ላይ የሚሰካው ያ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ጌጥ አልገባም አለ።

ላዩ ሲገባ ታቹ ይወጣል። ታቹን ሲጫኑት በእኔ በኩል ያለው ጥግ ይነሳል። ደምሴ ሳሙና ቀባው፣ ሙቅ ውሃ አፈሰሰበት፣ በእንጨት ቀስ እያለ መታው። የቀትሩን ዝሁር ሰግጄ ስመለስ እዚያው ነው። የአስርን ሶላት ሰግጄ ስመለስም እዚያው ነው። በመጨረሻ “ይዟል፣ ሂዱ” አለን። የሐረጎን ዳገት ሳንጨርስ ተነቅሎ ጣሪያውን እንደ አለንጋ ገረፈው። ወርጄ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ከገደሉ አፋፍ ሳር ውስጥ ለቀምኩት።

“አባ፣ ተወው በቃ፣ ያለሱም ትሄዳለች” አለችኝ ፋጤ።

“ውሃ ይገባል! ደግሞ እናትሽ ያለ ጌጥ አትነዳትም ነበር” ብዬ ጮኽኩባት። ምስኪን፣ ምን አጠፋች?

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ደምሴ ጎማውን በጣቱ እየዳሰሰ ሄዶ እኔ በምቀመጥበት በኩል ቆመ። ጌጡ የሚሰካበት ቦይ በጥቁር ሲሊኮን ተደፍኗል፤ ትናንት ጎማው ራሱ መስሎት አልፎታል።

“ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ የደፈደፈልዎት?”

“ባለቤቴ ናት” አልኩት፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አንድ ክረምት በመስታወቱ ጥግ የሚገባው ዝናብ ጉልበቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ደሴ እስክንደርስ ሳማርርሽ መልስ አልሰጠሽኝም። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስመለስ እጅሽ ጠቁሮ አገኘሁሽና “መኪናውን ልታበላሺው ነው?” ብዬ ተቆጣሁሽ። እጅሽን ልትታጠቢ ገባሽ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልነካኝም። ወላሂ፣ ለምን ቆመ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ተናደድኩብሽ ዘይኔ። ምናለ ብትነግሪኝ? የሆድሽንም ሕመም እንዲሁ ደፍነሽ ነው የኖርሽው። “ደህና ነኝ” ትያለሽ፣ እኔ ሞኙ አምኜ ሻዬን እጠጣለሁ። ሐኪሙ ዘገያችሁ ሲለን እንኳ አንቺ እኔን ታጽናኚ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ማን አስተማረሽ? ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የራሴ አለመጠየቅ ነው።

ደምሴ ሲሊኮኑን ፍቆ፣ ዝገቱን አጽድቶ ጌጡን ሰካው። ጥግ ላይ ትንሽ ጎብጧል፤ ይዟል ግን።

ስንመለስ ፋጤን “ሱቁ እንዴት ነው?” አልኳት።

“ደህና ነው።”

ድምፅዋ ያንቺው ነው። ዳር አስቁሜ እንደገና ጠየቅኳት። መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። ደክሟታል፤ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ እኔን እንዳታስጨንቅ ብላ ብቻዋን ተሸክማዋለች። ከሰኞ ጀምሮ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እሷ እስከ ረፋድ ትተኛለች። ጨርቅ መለካት አልችልበትም፤ ደንበኞችሽ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ዱዓ ሳደርግልሽ እኖራለሁ፤ እሱስ ግዴታዬ ነው። ከዚያ ሌላ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፦ ልጅሽ “ደህና ነኝ” ባለችኝ ቁጥር አንቺን አስቤ ሁለተኛ እጠይቃታለሁ።

ባልሽ፣ ሰይድ